ድምፅ መምጠጥ ምንድን ነው? ማገድ እንዳይመስልህ

ሰሞኑን ደግሞ አየሁት። «የባሕር ዳር ትምህርት ቤቶች የባጃጅ ጩኸት እንዳይገባባቸው ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ይለጠፍ» ይላል አንዱ። ሌላው የእንቁላል ካርቶን ጨመረበት። ወንድሜ፣ ስፖንጅ ባጃጅ አያስቆምም!

መምጠጥ ክፍሉ ውስጥ የተወለደ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ እንዳይቆይ ማድረግ ነው። ማገድ ሌላ ሥራ ነው። ዓባይ ከጣና ሲወጣ ጨራጨራ ላይ ያለውን ግድብ አስብ። ውሃውን የሚይዘው ከባድና ድፍን ስለሆነ ነው። እዚያ ስፖንጅ ብትደረድር ውሃው አልፎት ይሄዳል። ቤትህ ውስጥ ውሃ ከተደፋ ደግሞ ግድቡ ምንም አይረባህም፤ ያኔ ስፖንጅ አምጣ። በር ሥር ያለች ክፍተት የግድቡ ቀዳዳ ናት። ሙቀቱ መስኮት ካስከፈተንማ ግድቡም የለ። (ምሳሌው እዚህ ያበቃል፤ ድምፅ እንደ ውሃ አይጠራቀምም። የተመጠጠው ኢምንት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።)

አሁን ወደ ቁጥር። 9 በ7 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል 189 ሜትር ኩብ ነው። የተለሰነ ብሎኬትና የሲሚንቶ ወለል ከሆነ፣ ባዶውን ድምፁ ከ2 ሰከንድ በላይ ያስተጋባል። የአሜሪካ ደረጃ ለእንዲህ ያለ ክፍል ከ0.6 ሰከንድ እንዳይበልጥ ይላል። በሳቢን ቀመር (የክፍሉን መጠንና መጣጩን ከማስተጋባቱ ጊዜ ጋር የሚያገናኝ ስሌት ነው) ስናሰላው፣ የነካውን ድምፅ ሁሉ የሚመጥጥ 50 ካሬ ሜትር ያህል መጣጭ ያስፈልጋል። ኮርኒሱ 63 ካሬ ነው። ከነካው ድምፅ 80 በመቶውን የሚመጥጥ ከሆነ ብቻውን ጨረሰው። ስለዚህ መጀመሪያ ኮርኒስ፣ ቀጥሎ ከመምህሩ ፊት ለፊት ያለው የኋላ ግድግዳ። የእንጨትና የብረት ዴስክ እዚህ ግባ የሚባል አይመጥጥም። የሚመጥጡት የተቀመጡበት ልጆች ናቸው።

ቀጭን ስፖንጅም ሆነ የእንቁላል ካርቶን ቢመጥጥ ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፣ «ስ»ንና «ፍ»ን። ወፍራሙ እንዳለ ይቀራል፤ ንግግሩም ይታፈናል። ውፍረት ይኑረው፣ ከኋላውም ክፍተት ይተውለት።

የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድስ? ያ የማገድ ጉዳይ ነው። ከባድና ክፍተት የሌለው ኮርኒስ ይፈልጋል፤ ቀላል መጣጭ ብቻውን አያድንህም።

አልጠየቃችሁኝም እንጂ፣ የፍራሽ ስፖንጅ ቶሎ ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዝ ነው። እኔ 50 ልጅና አንድ በር ባለው ክፍል ውስጥ አልለጥፈውም።