ሻተር ስፒድ ምንድን ነው? የዓርብ ማታ ፉትቦልን ከሜዳ ዳር ለሚያነሱ

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም በሉት በአሌክሳንድሪያ፣ ልጅ የሚያሳድጉ የሀበሻ ወላጆች ብዙ ናቸው። ልጁ ሃይስኩል ይገባል። አንድ ቀን ሄልሜትና የትከሻ መከላከያ ተሸክሞ ቤት ይመጣል፤ የአሜሪካን ፉትቦል ሊጫወት ነው። እናትና አባት የጨዋታውን ሕግ እስኪለምዱት ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ ፎቶ ማንሳቱን ግን በመጀመሪያው ጨዋታ ይጀምሩታል። ቤት ገብተው ሲያዩት ሜዳው ጥርት ብሏል። የውጤት ሰሌዳው ይነበባል። ልጁ ብቻ የለም፤ እሱ የነበረበት ቦታ ላይ የተለቀለቀ ቀለም አለ።

ካሜራው አልተበላሸም። ችግሩ ሻተር ስፒድ ነው።

ካሜራ ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ሴንሰር ይባላል። ከፊቱ ሻተር የሚባል መጋረጃ አለ። ቁልፉን ስትጫኑ መጋረጃው ይከፈታል፣ ብርሃን ይገባል፣ መልሶ ይዘጋል። ሻተር ስፒድ ማለት ያ መጋረጃ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ስልኮችና አንዳንድ አዳዲስ ካሜራዎች ያለ መጋረጃ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ይሠሩታል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ካሜራው ላይ 1/60 ካለ የሰከንድ ስልሳኛ፣ 1/1000 ካለ የሰከንድ ሺህኛ ማለት ነው።

ቁጥሩ ምን እንደሚያመጣ በሒሳብ እንየው። 100 ሜትርን በ12 ሰከንድ ተኩል የሚሮጥ ልጅ በአንድ ሰከንድ 8 ሜትር ይሄዳል። በ1/60 ካነሳችሁት፣ መጋረጃው ተከፍቶ ሳለ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጉዟል። ፊቱ በሙሉ ከቦታው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። በ1/1000 ግን የሚሄደው 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከሜዳ ዳር ሆኖ ለሚያነሳ ሰው ይህ አይታይም። እጅና እግር ከሰውነት በላይ ይፈጥናሉ፣ የተወረወረ ኳስ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ለዚህ ነው የስፖርት ፎቶ አንሺዎች ለፉትቦል 1/1000 የሚሉት። መብራቱ ደካማ ከሆነ ወደ 1/500 ቢወርዱ ነው፤ ከዚያ በታች መውረድ አይወዱም።

ኤም አይ ቲ የተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሃሮልድ ኤጀርተን በ1934 እ.ኤ.አ. አንድ ተጫዋች ፉትቦል ሲመታ አንስቷል። የጫማው ጫፍ ኳሱ ውስጥ ጥልቅ ብሎ ገብቶ ይታያል። ኤጀርተን እንቅስቃሴውን ያስቆመው በሻተር ሳይሆን እጅግ አጭር በሆነ የፍላሽ ብልጭታ ነበር። በሃይስኩል ሜዳ ፍላሽ ዓይን ስለሚወጋ ብዙ ቦታ አይፈቅዱትም። ስለዚህ ያለን ሻተሩ ነው።

ታዲያ ሁልጊዜ 1/1000 አድርጎ መገላገል አይቻልም? ችግሩ ምሽቱ ነው። የሃይስኩል ፉትቦል የዓርብ ማታ ጨዋታ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣው የስፖርት ስርጭት ሕግ፣ ኋላ ከተሻሻለ ወዲህ፣ በውድድሩ ወራት የፕሮፌሽናል ሊጉ ጨዋታ በቴሌቪዥን ዓርብ ማታ ከሃይስኩሎች ጋር እንዳይሻማ ይጠብቃቸዋል። ያ ማለት ወላጅ የሚያነሳው በትምህርት ቤት መብራት ነው። ለዓይን ደማቅ ይመስላል። ለካሜራ ግን ጨለማ ነው። ከ1/125 ወደ 1/1000 ስትወጡ ወደ ሴንሰሩ የሚገባው ብርሃን በስምንት እጥፍ ይቀንሳል። የጎደለውን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለባችሁ።

ሁለት ቦታ አለ። አንዱ አፐርቸር፣ ማለትም የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው። የሚለካው በኤፍ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ኤፍ 2.8 የሚከፈት ሌንስ ከኤፍ 5.6ቱ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ዋጋውም እንደዚያው ነው፤ የሃይስኩል ወላጅ ለአራት ዓመት ጨዋታ ብሎ እንዲገዛው አልመክርም። ሌላው አይ ኤስ ኦ፣ ማለትም ካሜራው የገባውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነው ቁጥር ነው። ከ800 ወደ 6400 ከፍ ስታደርጉት ያ የስምንት እጥፍ ጉድለት ይካካሳል። በምላሹ ፎቶው ላይ ኖይዝ የሚባለው አሸዋ መሰል ነገር ይመጣል።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ኖይዙን ፈርቶ አይ ኤስ ኦውን ዝቅ ያደርጋል፣ ሻተሩም አብሮ ይወርዳል። እኔ በተቃራኒው እንድትሄዱ አጥብቄ እለምናለሁ። መጀመሪያ ሻተሩን 1/1000 ላይ አስሩት፣ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ አይ ኤስ ኦው የሚሄድበት ድረስ ይሂድ። ኖይዝ ያለበት ፎቶ ታትሞ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ በሶፍትዌርም ይቀንሳል። የተለቀለቀን ፊት ግን የሚመልሰው የለም።

ፎቶው ደብዝዞ ከወጣ ሁሉንም በሻተር አታሳብቡ። ልጁ ደብዝዞ ከኋላው ያለው ሰው ጥርት ካለ ፎከሱ ስቷል። ያኔ ካሜራውን የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ በሚያስተካክለው ተከታታይ ፎከስ ላይ አድርጉት፤ ካነን ላይ ሰርቮ፣ ኒኮንና ሶኒ ላይ ኤኤፍ ሲ ይባላል። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳበ የእጃችሁ መንቀጥቀጥ ነው። ሜዳው ጥርት ብሎ የሚሮጠው ብቻ ከተለቀለቀ፣ እሱ ሻተር ነው።

ፈጣን ሻተር ሌላ ጣጣም ያመጣል። አሜሪካ ውስጥ የመብራት ኃይሉ 60 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ዙር ስለሆነ፣ በየዙሩ ሁለት ጊዜ፣ የቆዩ የስታዲየም አምፖሎች በሰከንድ 120 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደክማሉ። ዓይን አያየውም። በ1/1000 ተከታትላችሁ ካነሳችሁ ግን አንዱ ፎቶ ደማቅ፣ ቀጣዩ ጨለም ያለና ወደ ቡናማ ያደላ ይሆናል። ካነን በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰቨን ዲ ማርክ ቱ በተባለ ካሜራ ላይ ይህን የሚከላከል ዘዴ አስገባ፤ ካሜራው መብራቱ የሚደምቅበትን ቅጽበት ጠብቆ ያነሳል። አሁን በብዙ ካሜራዎች ሜኑ ውስጥ «አንቲ ፍሊከር» ተብሎ ይገኛል። ፈልጉና አብሩት።

ስልክ ብቻ ላለው፦ ስልክ ጨለማ ሲያይ ሻተሩን በራሱ ያዘገየዋል። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ «ፕሮ» የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ፍጥነቱን ራሳችሁ መወሰን ትችላላችሁ። ካልሆነም ልጆቹ የሚረጉበትን ጊዜ ጠብቁ። ኳሱ ሊነሳ ሲል ሁሉም አጎንብሰው ይቆማሉ። ከታችዳውን፣ ማለትም ኳሱን ከጎል መስመሩ አሻግረው ነጥብ ካገኙ በኋላ ይተቃቀፋሉ። እነዚህ በዝግተኛ ሻተርም ይወጣሉ።

ሜዳ ዳር ለመቆም አስቀድማችሁ የትምህርት ቤቱን የስፖርት ኃላፊ አስፈቅዱ። በሃይስኩል ሕግ በሁለቱ 25 ያርድ መስመሮች መካከል ያለው ዳር በተለምዶ የቡድኑ ቦታ ነው፤ ፎቶ አንሺ እዚያ አይቆምም። ከ25ቱ ወደ ጎል መስመሩ በኩል ሁኑና ከኳሱ አሥር አሥራ አምስት ያርድ ቀድማችሁ ቁሙ። ያኔ የሚያጠቁት ወደ እናንተ ስለሚመጡ ፊታቸው ይታያል። ጨዋታው ወደ እናንተ ከዞረ ግን ፎቶውን ተዉት፣ ወደኋላ ሽሹ። ቦርሳችሁንም መስመሩ አጠገብ አታስቀምጡ፤ ተጫዋች ይጥላል። ሌንስ የሩቁን ስለሚያቀርብ ሰው ርቀቱን ይረሳል፤ ሁለት ተጫዋቾች ተያይዘው ሲወድቁ የሚቆሙበትን አይመርጡም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በጣም ያሳስበኛል። ሁሉም ሌንስ ኳሱን ይከተላል። ኳሱን የሚወረውረው የኳርተርባኩና የሯጮቹ ወላጆች ፎቶ አያጡም። ፊት ለፊት የሚገፉት ላይንማኖች ግን፣ ኳሱን ለኳርተርባኩ ከሚያቀብለው ከሴንተሩ በቀር፣ ኳስ ሳይነኩ ዓመቱን ይጨርሳሉ፣ ፎቶም ሳይኖራቸው ይመረቃሉ። በየጨዋታው የተወሰነ ደቂቃ ለእነሱ ስጡ። እንቅስቃሴያቸው አጭር ስለሆነ 1/500 ይበቃቸዋል፣ አይ ኤስ ኦውም በግማሽ ይወርድላችኋል። ፎቶዎቹን ለወላጆቻቸው በቀጥታ ላኩ፤ የሌላ ሰው ልጆች ስለሆኑ ቲክቶክ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ።