ሲደሮፎር ምንድን ነው?

ብረት በምድር ላይ ሞልቷል። አፈሩም ድንጋዩም ውስጥ አለ። ባክቴሪያዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት በብረት እጦት ነው። ምክንያቱ ኦክስጅን ነው፤ አየር ባለበት ቦታ ብረት ይዝግና ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ነገር ይሆናል፣ ያልሟሟ ብረት ደግሞ የባክቴሪያውን ሽፋን አልፎ አይገባም። ያለ ብረት ደግሞ አብዛኞቹ መተንፈስም መራባትም ያቅታቸዋል።

የዚህ ችግር አንዱ መላ ሲደሮፎር ነው። ባክቴሪያው ራሱ ሠርቶ ወደ ውጭ የሚለቀው ትንሽ ሞለኪውል ነው፣ ፈንገሶችም ይሠሩታል። ሥራው ብረትን ካለበት ፈልቅቆ መያዝ ነው።

ኢ. ኮላይ የሚባለውን የአንጀት ባክቴሪያ እንይ። ሴሉ ውስጥ በቂ ብረት ካለ፣ ፉር የሚባል ፕሮቲን ከብረቱ ጋር ተጣምሮ የሲደሮፎር ጂኖችን ይዘጋቸዋል። ብረቱ ሲያንስ ጂኖቹ ይከፈቱና ኢንተሮባክቲን የሚባለው ሲደሮፎር ተሠርቶ ይወጣል። ይህ ሞለኪውል አንዷን የብረት አቶም በስድስት ኦክስጅኖች ከቦ ጥፍር አድርጎ ይይዛታል። ከዚያ በሽፋኑ ላይ ያለ ተቀባይ ፕሮቲን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው፦ አያያዙ ከመጥበቁ የተነሳ ብረቱ እንዲለቀቅ ሴሉ ያን ሁሉ ደክሞ የሠራውን ሞለኪውል ራሱ ይቆርጠዋል። ለአንዲት አቶም!

አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሲደሮፎር ባለቤት የለውም። ምንም ሳይሠሩ ተቀባዩን ብቻ ይዘው የሌላውን ልፋት የሚወስዱ ባክቴሪያዎች አሉ።

ፉክክሩ ሰውነታችን ውስጥም አለ። ሰውነት በደም ውስጥ ያለውን ብረት ትራንስፈሪን በሚባል ፕሮቲን አስሮ ይይዛል፣ ይህ አልበቃ ሲል ደግሞ ኢንተሮባክቲኑን ራሱን የሚማርክ ሲደሮካሊን የሚባል ፕሮቲን ያሰማራል። ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያም ዝም አይልም። ኢንተሮባክቲኑ ላይ ስኳር ይለጥፍበትና ሲደሮካሊን እንዳይዘው ያደርጋል።

ሐኪሞችም ተጠቅመውበታል። ደም በተደጋጋሚ በመውሰድ ብረት ለተከማቸባቸው ሕመምተኞች የሚሰጠው ዲፈሮክሳሚን፣ ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ሲደሮፎር ነው። በ2019 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሴፊደሮኮል ደግሞ ብረት የሚይዝ ክፍል ያለው አንቲባዮቲክ ነው፤ ባክቴሪያው ብረት አገኘሁ ብሎ መድኃኒቱን በራሱ በር ያስገባዋል። ብረት ባነሰ ቁጥር ተቀባዮቹ ስለሚበዙ መድኃኒቱም በዚያው ልክ ይገባል። ሆኖም ተቀባዮቻቸው በሚውቴሽን (በጂን ለውጥ) ተለውጠው መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ከወዲሁ ታይተዋል።