ፊጂ መንደር ውስጥ ቤተሰብ ጋ ማደር፦ የሚወራውና እውነታው

የደቡብ ፓሲፊክ ደሴቶች አገር ወደሆነችው ፊጂ ሄዶ ሆቴል ውስጥ ተኝቶ መመለስ ይቻላል። አገሩን ማወቅ የፈለገ ግን መንደር ገብቶ ቤተሰብ ጋ ቢያድር ነው የሚሻለው። ስለዚህ አዳር የሚወራው ነገር ግን ግማሹ ትክክል አይደለም፣ ስህተቱም የሚያሳፍረው እንግዳውን ብቻ ሳይሆን ያስተናገደውን ቤተሰብ ጭምር ነው።

«ባሕር ዳርቻው የሕዝብ ነው፣ ዝም ብሎ መግባት ይቻላል»

አይቻልም። ከፊጂ መሬት 87 በመቶ ያህሉ የነባሩ ሕዝብ የጋራ ይዞታ ነው፤ ባለቤቶቹ ማታንጋሊ የሚባሉ የዘር ሐረጎች ናቸው። ከመንደሩ ፊት ለፊት ባለው ባሕር እንኳ የማጥመድ መብቱ የነሱ ነው። ስለዚህ መንደር መግባት ማለት ሰው ግቢ መግባት ነው፤ ባዶ እጅም አይኬድም።

ግማሽ ኪሎ ያህል የደረቀ የካቫ ሥር (ተወቅጦ በውሃ የሚጠጣ ተክል ነው) ከናንዲ ወይም ከሱቫ ከተማ ገበያ ገዝታችሁ፣ በጋዜጣ አስጠቅልላችሁ ትይዛላችሁ። የመንደሩ ሹም፣ ቱራንጋ ኒ ኮሮ የሚሉት፣ ወይም አስተናጋጃችሁ ወደ ባህላዊው አለቃ ቤት ይወስዳችኋል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ምንጣፉ ላይ እግር አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ሥሩን እጅ በእጅ አታቀብሉም፣ አለቃው ፊት መሬት ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ከናንተ ወገን አንድ ሰው ስለ አመጣጣችሁ ይናገራል፣ ከዚያኛው ወገን መልስ ይሰጣል፣ ጭብጨባ ይከተላል። ይህ ሥርዓት ሴቩሴቩ ይባላል። ከዚያ በኋላ የመንደሩ እንግዳ ናችሁ፣ ደህንነታችሁም የነሱ አደራ ይሆናል። ለቱሪስት የተዘጋጀ ትርኢት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ከሌላ መንደር የመጣ ፊጂያዊም ያው ሥርዓቱን ይፈጽማል እኮ!

«ኮፍያና የፀሐይ መነጽር ምን ችግር አለው?»

አለው። መንደር ውስጥ ሁለቱም ይወልቃሉ። ትከሻና ጉልበትም ይሸፈናል፤ ሱሉ የሚባለውን ሽርጥ ወንዱም ሴቱም ያገለድመዋል። ራስ ክቡር ነው፣ የሰው ራስ አይነካም። እኛ ሕፃን ስናይ ራሱን ዳበስ ማድረግ ልማዳችን ስለሆነ ይህችን በተለይ ልብ በሉ።

«ካቫ አረቄ ነው»

ካቫ አልኮል የለበትም። ተክሉ ከቁንዶ በርበሬ ጋር ይዛመዳል። ሥሩ ይወቀጣል፣ በውሃ ይታሻል፣ ይጠለላል፣ ከዚያ ታኖአ በሚባል የእንጨት ገበቴ ይቀርባል። ሲያዩት የጭቃ ውሃ ይመስላል፣ ይመራል፣ ከንፈርና ምላስን ያደነዝዛል፣ ሰውነትን ያፍታታል። በኮኮናት ቅርፊት ሲሰጣችሁ አንዴ አጨብጭባችሁ «ቡላ» ትላላችሁ (ሰላምታቸው ነው)፣ ባንድ ትንፋሽ ትጨልጣላችሁ፣ ከዚያ ሦስቴ ማጨብጨብ ነው። ቢሆንም እንደ ሻይ አትዩት። ጉበቱን የሚያመው ሰው ባይነካው ይሻላል፣ ከአልኮል ጋር አይሆንም፣ ጠጥቶ መንዳትም የለም። አልጠጣም ካላችሁ በትሕትና ተናገሩ፤ አድቬንቲስት የሆኑ ፊጂያውያንም አይጠጡም፣ ስለዚህ ነገሩ ለመንደሩ አዲስ አይደለም።

«ጊዜ የቆመበት ቦታ ነው»

ይኼ አባባል በጣም ያናድደኛል። ሰዎቹ ሞባይል ይዘዋል፣ ልጆቻቸው እንግሊዝኛ ይማራሉ፣ ስለ ራግቢ ከጀመሩ ማንም አያስቆማቸውም፤ አገሪቱ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያዋን፣ ያውም ወርቅ፣ 2016 ሪዮ ላይ ያገኘችው በራግቢ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ ጣጣም ከብዙዎች ቀድሞ ነው የደረሰባቸው። ቩኒዶንጎሎአ የሚባለው መንደር ባሕሩ እየገባ ስላስቸገረው 2014 ላይ ቤቱን ሁሉ ትቶ ወደ ከፍታ ሄዶ ሰፍሯል። ለፎቶ ብላችሁ ሳር ቤት ብቻ አትፈልጉ። ሰዎቹ የሚኖሩት በብሎኬትና በቆርቆሮ ቤት ነው፣ ጠንካራ ቤት መሥራታቸውም አውሎ ነፋስ ለሚመታው አገር ተገቢ ነው።

«የቀረበውን ሙልጭ አድርጌ ካልበላሁ ይከፋቸዋል»

እዚህ ጋ ጠንቀቅ በሉ። ምንጣፉ ላይ ረጅም ጨርቅ ይዘረጋል፣ ካሳቫው፣ ታሮው (ጎደሬ ማለት ነው)፣ ዓሣው ይደረደራል፣ እንግዳ ቀድሞ ይበላል። የቤቱ እናት ዳር ላይ ተቀምጣ ዝንቡን እያባረረች «ካና፣ ካና» ትላለች፤ ብሉ ብሉ ማለቷ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ እሷና ልጆቹ የሚበሉት እናንተ ከተነሳችሁ በኋላ ነው፣ ከዚያው ምግብ። እስኪበቃችሁ ብሉ፣ አመስግኑ፣ ግን አስተርፉ። ጾም ላይ የሆነ ሰውም አይራብም፤ ሮሮ የሚሉት የታሮ ቅጠል በኮኮናት ወተት ሲሠራ ከካሳቫ ጋር ጥሩ የጾም ምግብ ነው።

«እሑድ ደሴቱን እንዞራለን»

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ጉዞውን ለሰኞ አድርጉት።

«አንዱን ደሴት ያወቀ ሁሉንም አወቀ»

ሌላዋ የፓሲፊክ ደሴት አገር ሳሞአ ብትሄዱ ልማዱ ሌላ ነው። ብዙ መንደር ውስጥ ሲመሻሽ ደወል ይደወላል ወይም የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይነፋል፣ ቤተሰቡ ለጸሎት ይቀመጣል፤ ሳ ይሉታል። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ አይባልም። ወጣቶች መንገዱን ሊጠብቁም ይችላሉ፣ ቁሙ ካሏችሁ ቁሙ።

«እንግዳ ተቀባዮች ስለሆኑ ገንዘብ ማውራት ነውር ነው»

ነውሩ የሰው ቤት በልቶ ጠጥቶ በ«ቡላ» ብቻ መሄድ ነው። ኬሬኬሬ የሚባል የመጠያየቅና የመካፈል ልማድ ስላላቸው ያላቸውን ይሰጣሉ፣ መስጠታቸው ግን ተርፏቸዋል ማለት አይደለም። ሒሳብ ካለው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከሌለው ስኳር፣ ሩዝ፣ ዱቄት፣ ሻይ ቅጠል፣ የቆርቆሮ ዓሣ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለቤቱ እናት ስጡ። መንገድ ላይ ለልጆች ከረሜላና ሳንቲም መበተኑ ይቅር። ለልጆቹ ካሰባችሁ ደብተርና እስክሪብቶ ገዝታችሁ ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አስረክቡ፣ ለማን እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው እሱ ነው።