የቅርስ ጥገና ምንድን ነው?

«ታሪካዊው ሕንፃ ተጠግኖ አዲስ መስሏል» የሚል ዜና ሲወጣ፣ የሙያው ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «አሮጌውን ታዲያ የት ጣሉት?» ብሎ ነው። አዲስ መምሰል የጥገና ግብ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሥራው መበላሸቱን የሚያሳብቅ ምልክት ነው።

ጥገና ማለት ነባሩን ድንጋይ፣ እንጨትና ልስን፣ በየዘመኑ የተጨመረውንም ጭምር፣ በተቻለ መጠን ሳይነካኩ ዕድሜውን ማራዘም ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ ዓለም አቀፉ የቅርስ ጥገና ሰነድ፣ የእድሳት ሥራ ግምት ከሚጀምርበት ላይ መቆም አለበት ይላል። «ድሮ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ የሚሠራ ጉልላት ድርሰት ነው።

የብራና መጽሐፍን አስቡ። ዳሩ የተበላ ብራና ያገኘ ሰው ጽሑፉን በአዲስ ቅጠል ገልብጦ አሮጌውን ቢያቃጥለው መጽሐፉን ጠገነው አንልም። በኅዳጉ ላይ የኋላ ሰው የጻፈው ማስታወሻም አይፋቅም፤ የቱ መስመር በየትኛው ዘመን እንደተጻፈ ለይቶ ማንበብ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ባለሙያው ድርሻ ነው። ማንበቢያው ደግሞ የቆየ ፕላንና ፎቶግራፍ ብቻ ሳይሆን ግድግዳው ራሱ ነው፦ የተደፈነ በር፣ መጠኑ የተለየ ጡብ፣ የመሮ ፈለግ። እርግጥ ብራና በማኅደሩ ይቀመጣል፤ ሕንፃ ግን ዝናብ እየወረደበት ሰው ይኖርበታል። ስለዚህ ሽቦና ቧንቧ መግባታቸው አይቀርም፤ ነገሩ ነባሩን ሳይጎዱ ነገ ሊነሱ በሚችሉበት መንገድ መግባታቸው ላይ ነው።

«ሲሚንቶ ከኖራ ይጠነክራል፤ ምን አጠፋ?» የሚል ተከራካሪ መቼም አይታጣም። ያጠፋው መጠንከሩ ነው! በኖራ የተሠራ ግድግዳ የያዘውን ርጥበት በፉጋው፣ ማለትም በድንጋዮቹ ወይም በጡቦቹ መካከል ባለው ማያያዣ በኩል ያስወጣል። ፉጋው በሲሚንቶ ሲታፈን ውሃው በድንጋዩ ወይም በጡቡ በኩል መውጫ ይፈልጋል፤ የተሸከመው ጨው ከገጹ ሥር ይረጋና ገጹን እየላጠ ይጥለዋል። ይህ በምረቃው ፎቶ ላይ አይታይም፤ ዓመታት ይፈጅበታል።

ትክክለኛ ፉጋ ከድንጋዩ ይለሰልሳል። አንዱ መበላት ካለበት እሱ ይበላ፤ እሱ በየጊዜው ይተካል። ሥራው የነባሩን ማያያዣ ናሙና ከመመርመር ይጀምራል። ከዚያ የላላው ፉጋ በመሮና በመዶሻ፣ ቢያንስ የስፋቱን እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ ይጸዳል፤ ግራይንደር የድንጋዩን ጠርዝ ስለሚበላ አይነካም። ቦታው ከረጠበ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ተቦክቶ ይሞላል፤ ለቀናትም በርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ኖራ የሚጠነክረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር እየሳበ ቀስ በቀስ ነውና ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። አሸንዳው እያፈሰሰ ይህን ሁሉ መድከም ግን ገንዘብ መበተን ነው፤ መጀመሪያ ውሃው ይቁም። ደግሞም የቀድሞው ሲሚንቶ ድንጋዩን አጥብቆ ከያዘ ማውጣቱ ራሱ ስለሚሰብረው፣ እንዳለ መተው የሚሻልበት ጊዜ አለ።

የብረትም ነገር እንደዚሁ ነው። የጥንቶቹ ግሪኮች በአቴናው ቤተ መቅደስ በፓርተኖን ድንጋዮች መካከል ያስገቡትን ማያያዣ ብረት በእርሳስ ይለብጡት ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያደሱት ሰዎች ያልተለበጠ ብረት አስገቡ፤ ዝጎ አበጠና እብነ በረዱን ሰነጠቀው። በኋላ የመጡት ጠጋኞች እሱን እያወጡ በቲታኒየም ለመተካት ተገደዱ።

«ዋርሶስ?» ይባላል። የፖላንድ ዋና ከተማ የዋርሶ አሮጌው ክፍል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወድሞ እንደገና ተሠራ፤ በ1980 እ.ኤ.አ.ም በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የተመዘገበው ግን መልሶ ግንባታነቱ በግልጽ ታውቆ እንጂ ተጠግኗል ተብሎ አይደለም። ቆሞ ያለን ሕንፃ አፍርሶ አምሳያውን ለመሥራት ዋርሶን መጥቀስ አያዋጣም፤ እዚያ ያፈረሰው ጦርነቱ ነው።

ስለዚህ «ተጠገነ» የተባለ ሕንፃ ሲገጥማችሁ ቀለሙን ትታችሁ ዶሴውን ጠይቁ፦ ሥራው ሳይጀመር የተለካ ፕላን አለ ወይ? ስንጥቁ ቢያንስ አንድ ዓመት፣ በበጋም በክረምትም፣ ተለክቷል ወይ? ምን ተነሣ፣ ለምን ተነሣ፣ የተነሣውስ የት ተቀመጠ?