የዓሣ ቅባትና የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት፦ ከሐዋሳ ገበታ አንጻር

የዓሣ ቅባት ከሌሎች ቅባቶች የሚለየው ኢፒኤ እና ዲኤችኤ የተባሉ ረጃጅም የኦሜጋ-3 አሲዶችን በመያዙ ነው። በሐዋሳ ዓሣ የሚወደሰው “በሽታ የመከላከል አቅምን ይጨምራል” እየተባለ ነው። ጥቅሙ እውነት ነው፤ የአሲዶቹ ዋና ሥራ ግን ከልክ ያለፈውን የመከላከያ ሕዋሳት ቁጣ ማብረድ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሕዋሱ ሽፋን ነው። ኒውትሮፊል፣ ማክሮፋጅና ቲ ሊምፎሳይትን የመሳሰሉ ነጭ የደም ሕዋሳት የሽፋናቸው ቅባት ሰው በሚመገበው ቅባት ይቀየራል። ዓሣ በማይዘወተርበት ገበታ በሽፋኑ ላይ የሚያይለው አራኪዶኒክ አሲድ የተባለው የኦሜጋ-6 ወገን ነው። ሕዋሱ ጀርም ወይም ቁስል ሲያጋጥመው ይህን አሲድ ከሽፋኑ ቆርጦ ያወጣና በኢንዛይሞች አማካይነት ፕሮስታግላንዲን ኢ2 እና ሉኮትሪን ቢ4 የተባሉ መልእክተኞችን ይሠራበታል። ብግነት የሚባለው፣ ማለትም ትኩሳቱም፣ ሕመሙም፣ እብጠቱም፣ በአብዛኛው የእነዚህ ሥራ ነው። ለሳምንታት የዓሣ ዘይት የወሰደ ሰው ሕዋሳት ግን የአራኪዶኒክ አሲዱን ከፊል በኢፒኤ ይተካሉ። ሉኮትሪን ቢ4ን የሚሠራው ያው ኢንዛይም ከኢፒኤ የሚሠራው ሉኮትሪን ቢ5 ኒውትሮፊሎችን ወደ ቁስሉ የመጥራት ኃይሉ እጅግ ደካማ ነው።

በ1989 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ጤናማ ሰዎች በየቀኑ 18 ግራም የዓሣ ዘይት ለ6 ሳምንታት ሲወስዱ፣ ነጭ የደም ሕዋሳታቸው የሚያመነጩት ኢንተርሉኪን-1 እና ቲኤንኤፍ የተባሉ ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲኖች ቀንሷል። ዘይቱን ካቆሙ ከ10 ሳምንታት በኋላም ቅናሹ አልጠፋም ነበር፤ የሽፋን ቅባት በአንድ ጀንበር አይለወጥምና።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀው ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተገለጠው ነው። በሐርቫርድ የቻርለስ ሰርሃን ቡድን ከኢፒኤ እና ከዲኤችኤ የሚሠሩ ሬዞልቪን የተባሉ ውሁዶችን አገኘ። እነዚህ ተጨማሪ ኒውትሮፊሎች እንዳይጎርፉ ያግዳሉ፤ ማክሮፋጆችም የሞቱ ሕዋሳትን ጠርገው እንዲያነሱ ያነሳሳሉ። ብግነት ተዳክሞ ብቻ ይከስማል ይል የነበረውን አስተሳሰብ ይህ ግኝት ለውጦታል፤ ሰውነት ብግነትን የሚዘጋበት የራሱ ሥርዓት አለው።

በሕክምናው በኩል የተሻለ ማስረጃ ያለው ለሪህ መሰል የመገጣጠሚያ ብግነት (ሩማቶይድ አርትራይተስ) ነው። በቀን ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ኢፒኤ እና ዲኤችኤ ሕመምንና የጠዋት መተሳሰርን ያስታግሳል፤ መድኃኒትን ግን አይተካም። ከፍተኛ መጠን የልብ ምት መዛባትን ሊያስከትል ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር መጀመር አይገባም።

ወደ ሐዋሳው የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ስንመጣ፣ የሐዋሳ ሐይቅ ዋና ዓሣ ቆሮሶ ሥጋው ቅባት አነስተኛ ነው። ጥሩ ፕሮቲን ይሰጣል፤ የኦሜጋ-3 መጠኑ ግን ከሳልሞን ወይም ከሰርዲን እጅግ ያንሳል። ዓሣ እነዚህን አሲዶች በአብዛኛው የሚያገኘው ከአልጌ በሚነሣው የምግብ ሰንሰለት ስለሆነ፣ አልጌ የሚመገብ የሐይቅ ቆሮሶ በእህል ከተቀለበው ይሻላል። አጠባበሱም ይወስናል፦ በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት የተጠበሰ ዓሣ ኦሜጋ-6ን አብሮ ይጠጣል፤ ሾርባው ከዚህ ነፃ ነው። በጾም የሚጠጣው ተልባም ኦሜጋ-3 አለው፤ ሆኖም አጭሩ ዓይነት በመሆኑ ሰውነት ወደ ኢፒኤ የሚቀይረው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ወደ ዲኤችኤ የሚደርሰውም ከዚያ ያነሰ ነው። አሲዶቹን በብዛት ለሚፈልግ ሰው በከተማው ሱቆች የሚሸጠው የታሸገ ሰርዲን ከቆሮሶውም ከተልባውም የተሻለ ምንጭ ነው።