ስልኩ ነው ያረጀው፣ ሲስተሙ አይደለም

ስራዬ ሰዎች ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ወይም ከአይፎን ወደ አንድሮይድ ሲሄዱ ፎቶና ቻታቸውን ማዛወር ነው። ለምን እንደሚቀይሩ ስጠይቃቸው ደጋግሜ የምሰማው መልስ ይሄ ነው፦ «ስታክ እያደረገ አስቸገረኝ፤ ይሄ ሲስተም አይረባም።» በእውነት ሰልችቶኛል።

አዲስ ስልክ የያዘ ሁሉ ፍጥነት ያያል። እዚያው ሲስተም ላይ ቢቆይም ያያል። የሸሻችሁት ከደከመ ባትሪና ከሞላ ሜሞሪ ነው።

አንዲት ደንበኛ «ካሜራ ስከፍት ድርግም ይላል፣ አንድሮይድ ልገዛ ነው» ብላ አይፎኗን ይዛ መጣች። ሴቲንግ ገብቼ የባትሪውን ጤና አየሁት፤ 74 በመቶ። አፕል ራሱ ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖች በድንገት እንዳይጠፉ ብሎ ፍጥነታቸውን እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2017 አምኗል። ባትሪው ተቀየረላት፤ ችግሩም በዚያው አበቃ። አንድሮይድ የያዙት ዘንድ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማገኘው ከዋትስአፕና ከቴሌግራም ግሩፖች በተጠራቀመ ቪዲዮ እስከ አፍ ገደፉ የሞላ ሜሞሪ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ባትሪውን እዩ። ሜሞሪውን አራግፉ። አፕዴት አሁንም የሚመጣለት መሆኑን አረጋግጡ። አፕዴት ካቆመ፣ አዎ፣ ስልክ መቀየር አለባችሁ። ያ ግን ሲስተም ቀይሩ ማለት አይደለም።

«የሚቀይሩት ለጉራ ነው» የሚባለውስ? አንዳንዱ ይሆናል። እኔ ጋ የሚመጣው ብዙው ግን ቤተሰቡ ወይም መስሪያ ቤቱ የሚጠቀምበትን ፈልጎ ነው።

ሲቀይሩ ደግሞ «የገዛሁት አፕ አብሮኝ ይመጣል» ይላሉ። አይመጣም። ከጎግል ፕሌይ የገዛችሁትን አፕ አይፎን ላይ እንደገና ትከፍላላችሁ።

«ሁሉም ይጠፋል።» ይሄም ልክ አይደለም። ከአንድሮይድ ወደ አይፎን የሚያዛውረው ሙቭ ቱ አይኦኤስ የሚባል የአፕል አፕ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አለ። ዋትስአፕም ከ2022 ጀምሮ ቻታችሁን ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ይወስዳል። ችግሩ ሰዎች አዲሱን ስልክ ከፍተው፣ አካውንት አስገብተው፣ ሳምንት ተጠቅመውበት ነው የሚመጡት። ማዛወሩ ገና ስልኩ ሲከፈት ነው መደረግ ያለበት። ጎግል ድራይቭ ላይ ያለው የዋትስአፕ ባካፕ አይፎን ላይ አይከፈትም። የድሮውን ስልክ ሁሉም መግባቱን በዓይናችሁ ሳታዩ ፎርማት እንዳታደርጉ።

ከአይፎን የምትወጡ ደግሞ ሲም ካርዱን ከማውጣታችሁ በፊት አይሜሴጅን፣ ማለትም የአይፎኑን የራሱን የመልእክት አገልግሎት፣ አጥፉ። አለበለዚያ አይፎን ያላቸው ሰዎች የሚልኩላችሁ መልእክት ወደ አዲሱ ስልካችሁ ላይደርስ ይችላል።