3816547290 ምን ይለየዋል?

ይህን ቁጥር ቀስ ብለው ይመልከቱት፦ 3816547290። ከ0 እስከ 9 ያሉት አሃዞች ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ገብተውበታል። ደስ የሚለው ግን ሌላ ነው። ከግራ ጀምረው ሁለት አሃዝ ቢወስዱ፣ 38 ለ2 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ሦስት ቢወስዱ 381 ለ3፤ አራት ቢወስዱ 3816 ለ4። እንዲህ እያለ እስከ 10 ይዘልቃል።

አንዳንዱ ቦታ ምርጫ የለውም። ለ10 እንዲካፈል መጨረሻው 0 መሆን አለበት። 0 ከተያዘ አምስተኛው ቦታ የግድ የ5 ነው። የ9 ጉዳይ በራሱ ያልቃል፦ ከ1 እስከ 9 ሲደመር 45 ነው፣ 45 ደግሞ ለ9 ይካፈላል።

ዋናው ፈተና 7 ነው። ሌላውን ሁሉ አሟልተው የመጡ ቁጥሮች እዚያ ላይ ይወድቃሉ። ይሄኛው ግን 3816547 ለ7 ሲካፈል 545221 ይሰጣል፤ ቅንጣት ቀሪ የለም! አሥሩን አሃዞች በዚህ ሕግ ማሰለፍ የሚቻለው በዚህ አንድ መንገድ ብቻ ነው።